ሰው እያሠለጠነ የበረረው አየር መንገድ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት በ1945 የኢትዮጵያ መንግሥት ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተፈራረመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ ከኢትዮጵያ፣ ሙያው ከአሜሪካኖቹ እንዲሆን ነበር ስምምነቱ። 2 ሚሊዮን ተኩል ብር ካፒታል ተመደበ፤ አክሲዮኑ በሙሉ በመንግሥት እጅ ሆነ፤ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ 5 ሲ-47 አውሮፕላኖችም ተገዙ። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከእነዚህ አንዱ ልደታ ከነበረው የአዲስ አበባ ሜዳ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ይኸው ነው።

በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች አብዛኞቹ የየራሳቸውን አየር መንገድ አቋቁመዋል። ባንዲራና አየር መንገድ አብረው የሚመጡበት ዘመን ነበር። ዛምቢያ ኤርዌይስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈረሰ። የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ኩራት የነበረው ኤር አፍሪክ በ2002፣ ናይጄሪያ ኤርዌይስ በ2003 ተዘጉ፤ ብዙም ሳይቆይ የጋና ኤርዌይስ ተከተላቸው። እነዚህ ኩባንያዎች አውሮፕላን አጥተው አልሞቱም፤ አንዳንዶቹ በጊዜው ከኢትዮጵያ የተሻለ ገንዘብ ካላቸው መንግሥታት የተወለዱ ነበሩ። ታዲያ ንጉሣዊ ሥርዓትን፣ ወታደራዊ መንግሥትን፣ አብዮትን፣ ረሃብንና ተደጋጋሚ ጦርነትን ያሳለፈች አገር ውስጥ ያለው አየር መንገድ እንዴት ቆመ? የእኔ መልስ ከሥራ አስፈፃሚዎች ቢሮ ይልቅ ከመማሪያ ክፍሉና ከጥገናው ሀንጋር ይነሣል። አውሮፕላን በብድርም ቢሆን ይገዛል። ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥም ሰው ግን ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል፤ ይህ ኩባንያ ደግሞ እነዚያን ዓመታት ከመጀመሪያው አንሥቶ ከፍሏል።

አገሪቱ ለአውሮፕላን ባዳ አልነበረችም። በ1930 ገደማ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈቃድ ይዘው ነበር። የጣሊያን ወረራ ያን ጅምር በአጭሩ ቀጨው። ከነፃነት በኋላ የተቋቋመው አየር መንገድ የተነሣው ከክብር ይልቅ ከችግር ነው ማለት ይቻላል። የዓባይ ሸለቆ፣ የተከዜ ገደል፣ የጊቤ ቆላ አገሩን ከፋፍለውታል። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን መንገድ ሲ-47ቱና ወንድሙ ዲሲ-3 በሰዓታት ያደርሱት ነበር። የአውሮፕላኑ ሆድ የተሠራው ለወታደርና ለጭነት ስለነበረ መንገደኛው በግድግዳው ጥግ በተደረደረ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ መሀል ላይ ጆንያ፣ ሳጥንና ቆዳ ይታሰራል። ከጅማ ቡና ይጫናል፤ ከድሬዳዋ ጫት ወደ ኤደን ይበራል። ማረፊያው ብዙ ጊዜ ሣር የታጨደለት ሜዳ ነው። እነዚያ ሁለት ሞተር ያላቸው አሮጌ አውሮፕላኖች ጄት ከመጣ በኋላም በአገር ውስጥ መስመር ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል አገልግለዋል። እንደ ዲሲ-3 ያለ ቀላል ማሽን አንድ ትውልድ መካኒክ እጁን የፈታበት ትምህርት ቤት ነበር ብዬ አምናለሁ። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ የሚጠገነው ሁሉ እዚሁ መጠገን ነበረበት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ አስኪያጁ አሜሪካዊ፣ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን፣ ዋና መካኒኮቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ነገር ግን በ1950ዎቹ በታደሰው ውል ውስጥ የመጨረሻው ግብ አየር መንገዱ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እንዲንቀሳቀስ መሆኑ ሰፈረ። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ግብ ያላሰፈረ የውጭ አማካሪ ድርጅት ያለ አይመስለኝም፤ ልዩነቱ እዚህ መፈጸሙ ነው። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ማሠልጠኛዎች በራሱ በአየር መንገዱ ግቢ ተከፈቱ። በ1970 ቲ ደብልዩ ኤ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ፤ በ1975 ውሉ አበቃ። ከውሉ መፈረም እስከ ማብቂያው 30 ዓመት ነው። ርክክቡ አንድ ቀን በዐዋጅ የወረደ አልነበረም። መጀመሪያ ትኬት ቆራጩ፣ ቀጥሎ መካኒኩ፣ ቀጥሎ ረዳት አብራሪው፣ ከዚያ ካፒቴኑ፣ መጨረሻ ላይ የሥራ አስኪያጁ ወንበር፤ እያንዳንዱ ደረጃ የቀደመው ሰው ያስተማረው ሰው ሲደርስ ተለቀቀ። ብዙዎቹ የአኅጉሩ ድርጅቶች የወንበሩን ርክክብ አስቀድመው ሙያውን ለኋላ ሲያቆዩት፣ እዚህ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆኑ ዕድሜ ሰጠው።

ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ ከአዲስ አበባ ከፍታ መጀመር ግድ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ረዘም አድርጎ መሮጥ አለበት፤ ካልሆነም ክብደት መቀነስ አለበት። ክብደት መቀነስ ማለት ነዳጅ መቀነስ ነው፤ ወይም ጭነትና ሰው ትቶ መሄድ። ዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በሰውነታቸው ያውቁታል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ተነሥቶ ሳያርፍ ይደርሳል፤ ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ብዙ መንገደኛ ይህን እንደ ድርጅቱ ስንፍና ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ግን የእንጦጦ ግርጌ ከፍታ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ድርጅት አውሮፕላን መምረጥ ሁልጊዜም የስሌት ሥራ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ የተመረጠው ቦይንግ 720ቢ ነው፤ ከ707 አነስ ያለ፣ ለክብደቱ ብርቱ ሞተር ያለው፣ ከፍታን የሚችል አውሮፕላን። በ1962 መጨረሻ ሁለቱ ገቡ። ልደታ ጄት የሚያስተናግድበት ስፋትም ርዝመትም ስላልነበረው በከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ ያኔ ሜዳ በነበረው ቦሌ፣ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ አዲስ አበባ በቦሌ ዙሪያ እንዲህ መስፋቷን ለሚያይ ሰው ሰበቡ አንድ የጄት ግዢ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮንቬር 240፣ ከ1958 ጀምሮ ደግሞ ዲሲ-6ቢ ወደ አቴንስና ፍራንክፈርት ይበሩ ነበር። በ1960 በአክራ በኩል እስከ ሞንሮቪያ የተከፈተው መስመር አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አገናኘ። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ምዕራብ አፍሪካ ለመሄድ የተለመደው መንገድ አውሮፓ ወጥቶ መመለስ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ ላይ ከመመሥረቱ በፊት አየር መንገዱ የአኅጉሩን ሁለት ጠርዞች አያይዟል። በ1973 ደግሞ ቻይና ገባ። ያኔ ወደ ቻይና መብረር ትርፉ ለማንም ግልጽ አልነበረም። ከ30 ዓመት በኋላ ግን የአፍሪካ ነጋዴ ወደ ቻይናዋ ጓንጆ ለመሄድ ሻንጣውን ሲያነሣ፣ መንገዱን ቀድሞ የሚያውቀው ይህ ድርጅት ሆኖ ተገኘ።

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ድርጅቱን ሊገድሉት ምንም አልቀራቸውም። ወታደራዊ ሹማምንት በአስተዳደሩ ጣልቃ ይገቡ ነበር፤ የሠራተኛው ቁጥር ከሥራው በላይ አበጠ፤ የሶማሊያ ጦርነት መስመሮችን ዘጋ፤ ሒሳቡም ወደ ኪሳራ ሄደ። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አህመድ የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከአብራሪው ክፍል የመጡ ናቸው። የወሰዱት እርምጃ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በዚያ ዘመን መፈጸም ግን ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የሠራተኛውን ብዛት ከሥራው ጋር አስተካከሉ፤ ድርጅቱ በንግድ ሕግ እንዲመራ፣ የሹመትና የግዢ ውሳኔ በሙያተኛ እጅ እንዲሆን ታገሉ። ራስን በራስ ገቢ ማስተዳደር የሚለውን መርሕ አጸኑት። የዚያ ትግል ፍሬ በሰማይ ላይ ይታይ ነበር፦ የአገሪቱ አየር ኃይል የሶቪየት ሚግ ሲታጠቅ፣ አየር መንገዱ ቦይንግ ይገዛ ነበር። የሶሻሊስት መንግሥት ንብረት የሆነ ድርጅት በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል ቦይንግ ወደሚገኝበት ሲያትል ሄዶ አውሮፕላን ሲያዝ፣ «ለዚህ ከፍታ፣ ለዚህ ርቀት፣ ለመካኒኮቻችን ልምድ የሚስማማው ይህ ነው» ብሎ መንግሥቱን ማሳመን የቻለ ሰው ነበረ ማለት ነው። በዚህ ድርጅት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የአመራር ሥራ አላውቅም።

ጁን 1 ቀን 1984 አዲሱ ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር አቋርጦ፣ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ አረፈ። ሁለት ሞተር ብቻ ያለው የመንገደኛ ጄት እስከዚያ ቀን ያን ያህል ርቀት በአንድ ትንፋሽ በርሮ አያውቅም ነበር። ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ውቅያኖስ ማቋረጥ ገና ሙሉ እምነት ያልተጣለበት ዘመን ነው። 767 የበረራ መሐንዲሱን ወንበር ያስቀረ፣ የመቆጣጠሪያ ሰዓቶቹን በስክሪን የተካ፣ ለሁለት አብራሪ የተሠራ አውሮፕላን ነበር። ይህን የተረከቡት አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ከጥቂት ዓመታት በፊት በሦስት ሰው የሚበረውን 727 የለመዱ፣ አንዳንዶቹም በዲሲ-3 የጀመሩ ናቸው። የእነሱን ሥራ ትልቅነት መግለጽ እፈልጋለሁ፦ በአንድ የሥራ ዘመን ከፒስተን ሞተር ወደ ኮምፒውተር ተሻግረዋል፤ ለዚያውም የቤታቸው መብራት በማይታመንበት ከተማ እየኖሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወሎና የትግራይ ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። አዲሱ አውሮፕላንና ያ ረሃብ የአንድ አገር፣ የአንድ ዓመት ታሪክ ናቸው። አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው ታማኝነት ስለማይሆን ሁለቱንም እጽፋለሁ።

በዚያ አሥርት ዓመት የተሠራ፣ ዛሬ ግን ብዙም የማይነሣ አንድ ሥራ አለ። አየር መንገዱ ለእርሻ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አግ-ካት አውሮፕላኖችን በአሜሪካው አምራች ፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጥሞ «እሸት» የሚል ስም አወጣላቸው። የተሠሩት ጥቂት ነበሩ፤ ሥራውም አልቀጠለም። ለእኔ ግን ያ ሀንጋር እስከ ምን ድረስ መሄድ ይችል እንደነበር ያሳያል፤ ሳይቀጥል መቅረቱም ይቆጨኛል።

የ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ መንግሥት፣ በአስመራ መስመር መዘጋትና በአንድ ትልቅ ሐዘን ይታወሳሉ። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 በረራ 961 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ፣ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ። ካፒቴን ልዑል አባተ ጠላፊዎቹ እየታገሏቸው፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ሰው ሊድን ወደሚችልበት የባሕር ዳርቻ አውሮፕላኑን ማድረሳቸው 50 ሰዎችን አተረፈ።

አቶ ግርማ ዋቄ በ1960ዎቹ ወደ አየር መንገዱ የገቡ፣ በመሀል ወጥተው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጭምር ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ2004 የዋና ሥራ አስፈፃሚነቱን ወንበር ያዙ። በፌብሩዋሪ 2005 አየር መንገዱ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን መረጠ። አውሮፕላኑ ያኔ ወረቀት ላይ ነበር፤ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዲሴምበር 2009 ነው። ከክብደቱ ግማሹ የሚሆነው አካሉ በአሉሚኒየም ፈንታ በካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ከቀደሙት አቻዎቹ 20 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል የተባለለት ነው። አፍሪካ ውስጥ ያለ፣ ነዳጅ በውድ የሚገዛ፣ ከባሕር የራቀ፣ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ኩባንያ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው አውሮፕላን አልነበረም። ፋብሪካው ለዓመታት ዘገየ። በኦገስት 2012 የመጀመሪያው አዲስ አበባ ሲያርፍ አቶ ግርማ ጡረታ ወጥተው ነበር። ከጃፓን ኩባንያዎች ቀጥሎ ድሪምላይነር የተረከበ አየር መንገድ ይህ ነው። አንድ መሪ እሱ የማያየውን አውሮፕላን ማዘዝ፣ ተከታዩም የቀደመውን ትእዛዝ ሳይሰርዝ ማስፈጸም በአገራችን ድርጅቶች ዘንድ እምብዛም አይታይም።

ተከታያቸው አቶ ተወልደ ገብረማርያም በ1984 በትራንስፖርት ሠራተኛነት የተቀጠሩ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ በ2022 የመጡት አቶ መስፍን ጣሰውም በዚያው በ1984 በመሐንዲስነት የገቡ ናቸው። ይህን ዓይነት ሰንሰለት ከውጭ ሰው አምጥቶ ከሚሾም ድርጅት ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ጉዳትም አለው፣ ከቤት ያልወጣ ሰው የቤቱን ጉድለት ላያይ ይችላልና። ጥቅሙ ግን በጥገና፣ በሽያጭ ወይም በበረራ ላይ ችግር ሲነሣ ኃላፊው ነገሩን ከሪፖርት ብቻ ሳይሆን ከልምድ ማወቁ ነው።

ለ15 ዓመት የወጣው «ራዕይ 2025» ዕቅድ በ2010 ተጀመረ። ድርጅቱ በዲሴምበር 2011 ስታር አሊያንስን ተቀላቀለ፤ መቀመጫውን በሎሜ ከተማ አድርጎ በ2010 በረራ በጀመረው አስካይ አየር መንገድ ባለድርሻ ሆነ፤ በ2016 ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ኤርባስ ኤ350 ተረከበ፤ በጁን 2018 100ኛ አውሮፕላኑን ተቀበለ። በ2017 የአገሪቱ የኤርፖርቶች ድርጅትም ወደ ግሩፑ ተጠቃለለ። ለዚህ ሁሉ ዕድገት ሞተር የሆነው ግን የበረራ ሰዓት አደራደር ነው ብዬ አስባለሁ። ቦሌ ላይ በቀን ሁለት ማዕበል ይነሣል። ጠዋት ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ ሌሊቱን የበረሩት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ይወርዳሉ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሣሉ። ማታ ያው በተቃራኒው ይደገማል፤ ከአፍሪካ የተሰበሰበው ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ጓንጆ፣ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት፣ ዋሽንግተን ይበተናል። በዚያ መሀል የአንድ የሌጎስ ነጋዴ ሻንጣ ከአንዱ ሆድ ወደ ሌላው መተላለፍ አለበት። አንድ አውሮፕላን 40 ደቂቃ ቢዘገይ ደርዘን ከተማ ላይ ሰው ይቀራል። በ2008 ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የወረቀት ትኬትን ሲያስቀር፣ ይህን የማገናኘት ሥራ በኮምፒውተር ማቀናጀት ቀለለ፤ በዝናብ፣ በጭጋግ፣ በሌሊት ሻንጣ የሚጭኑት እጆች ግን ያው የሰው እጆች ናቸው። ስለ አየር መንገዱ ስኬት ሲጻፍ አስተናጋጇና ካፒቴኑ ፎቶ ላይ ይወጣሉ፤ የጫኚው ጀርባ ብዙም አይታይም። የካፒቴኑ ወንበር ለሴቶችም ተከፍቷል፦ በ2010 ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ፤ በኖቬምበር 2015 ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ ባንኮክ ደረሰ።

አዲስ ቴክኖሎጂን ቀድሞ መግዛት ዋጋ አለው። በጃንዋሪ 2013 ድሪምላይነር በባትሪው ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። ችግሩ ተስተካክሎ ሲለቀቅ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2013 በዓለም መጀመሪያ መንገደኛ ጭኖ የተነሣው 787 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሄደው የኢትዮጵያው ነበር። ያ ደፋር ውሳኔ መሠረቱ ማስተካከያውን በእጃቸው የሠሩትና የመረመሩት ቴክኒሻኖች ላይ ያለ እምነት ነበር።

ከዚያ ማርች 10 ቀን 2019 መጣ። ወደ ናይሮቢ የተነሣው በረራ 302፣ 4 ወር ያልሞላው አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አዛዡ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው፣ ረዳቱ አህመድ ኑር መሐመድ ነበሩ። ከዚያ 5 ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት የላየን ኤር ማክስ ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ይዞ ወድቆ ነበር። የሁለቱም አደጋ ምርመራ አፍንጫን ወደ ታች በሚገፋው፣ ከአንድ ሴንሰር ብቻ መረጃ በሚወስደው ሶፍትዌር ላይ አነጣጠረ። በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የተወሰዱት ውሳኔዎች የኩባንያውን ባሕርይ ያሳዩኛል። የቀሩትን ማክሶች ወዲያው አቆመ፤ ጥቁር ሳጥኖቹም አውሮፕላኑን ወደሠራችው አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፓሪስ ሄዱ። ቀጥሎ ዓለም በሙሉ ማክስን አገደ። የአፍሪካ አብራሪ ሥልጠና ላይ ጥርጣሬ የሚዘሩ ድምፆች ከዋሽንግተን ምክር ቤት ሳይቀር ተሰሙ፤ በኋላም የአሜሪካ የደኅንነት መርማሪዎች በኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የአብራሪዎቹን ምላሽ በተመለከተ የተለየ አስተያየት አስመዝግበዋል። ይህ ክርክር መነገር አለበት። ይሁንና አብራሪዎቹ ስለዚያ ሶፍትዌር በቂ እውቀት እንዲያገኙ ያላደረገው ሠሪው እንደነበረ መረሳት የለበትም። ቦይንግ በ2021 ለሟች ቤተሰቦች በፍርድ ቤት ኃላፊነቱን ተቀበለ። ለ70 ዓመት ያህል በሥልጠናው ስሙን የገነባ ድርጅት፣ ልጆቹን ቀብሮ በዚያው ሰሞን ስለ ሥልጠናው መከራከር ነበረበት። አየር መንገዱ ማክስን መልሶ ማብረር የጀመረው በፌብሩዋሪ 2022 ነው፤ ከብዙዎቹ ዘግይቶ።

በመሀል ኮቪድ መጣ። በ2020 የመንገደኛ ገበያው በሳምንታት ውስጥ ደረቀ፤ የብዙ አገር አየር መንገዶች ከመንግሥት ገንዘብ ተቀበሉ፤ ሠራተኛም በተኑ። እዚህ ግን የአየር መንገዱ የራሱ የጥገና ሠራተኞች ወደ 25 ከሚጠጉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅለው ወደ ጭነት ለወጧቸው። ጭምብል፣ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ከእስያ ወደ አፍሪካና ወደ ሌላው ዓለም ጫኑ። ሐሳቡ አስደናቂ የሆነው በፍጥነቱ ነው። የራሱ ሀንጋርና ፈቃድ ያለው መሐንዲስ የሌለው ኩባንያ እንዲህ ያለ ለውጥ ለማድረግ ተራ ይጠብቃል፣ ይከፍላል፣ ጊዜው ያልፍበታል። ድርጅቱ ከመንግሥት ድጎማ ሳይቀበል ያንን ዓመት ተሻገረ። በ2023/24 በጀት ዓመት ገቢው 7 ቢሊዮን ዶላር፣ የመንገደኞቹም ቁጥር 17 ሚሊዮን አለፈ።

ድርጅቱን የሚያሳስበው ነገር ዛሬም ያው የጥንቱ ነው፤ ሰው። በዚህ ግቢ የሠለጠነ አብራሪና ቴክኒሻን በባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ዘንድ ተፈላጊ ነው፤ የሚከፈለው ደመወዝ ደግሞ ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም። ብዙዎች ሄደዋል። የሄዱትን መውቀስ አልችልም፤ ቤተሰብ አላቸው። ግን የማሠልጠኛው ወጪ የሚከፈለው እዚህ ሆኖ ፍሬው ሌላ ቦታ ሲለቀም፣ አሠልጣኙ ድርጅት ሁለት ሰው አሠልጥኖ አንድ የሚያስቀርበትን ስሌት መልመድ ግድ ሆኖበታል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪዎችን ተቀብሎ ያሠለጥናል። ሠራተኛው የሚቆየው በሥልጠና ብቻ አይደለም፤ በክፍያ፣ በዕረፍት ሰዓትና በሐሳብ ነፃነት ጭምር ነው። መንግሥት ብቸኛው ባለቤት በሆነበት ድርጅት ውስጥ ሠራተኛው ቅሬታውን የሚያሰማበት መንገድ ሰፊ መሆን እንዳለበት በጽኑ አምናለሁ፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ሥራ ገና አለ።

ቦሌን ከተማው ከብቦታል፤ በ2019 ተርሚናሉ በዓመት 22 ሚሊዮን ሰው እንዲያስተናግድ ቢሰፋም መንደርደሪያው የሚሰፋበት መሬት የለውም። ስለዚህ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለ ቦታ፣ ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ አዲስ ኤርፖርት ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላኑ የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ያን ያህል በረራ የሚያበሩ፣ የሚጠግኑና የሚያስተናግዱ ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ናቸው። የአብራሪ ሥልጠና ዓመታት፣ ካፒቴን መሆን ደግሞ ከዚያ በላይ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ መልማዮቹ ኮንክሪቱ ከመድረቁ በፊት መጀመር አለባቸው።